የፒያኖ ኖታ ገጽ አገላለጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኖታ እያነበቡ ለሚጫወቱ፣ ለሚያጅቡ እና አጠገብ ተቀምጠው ገጽ ለሚገልጡ፤ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ አስቸጋሪው።

ሁለቱም እጆቼ ቁልፎቹ ላይ እያሉ ገጹን በምን ልግለጠው?

አራት መንገድ አለ። አንደኛው እጅ የሚያርፍበትን ቅጽበት ጠብቆ በዚያው እጅ ራስ መግለጥ፤ አጠገብ የሚቀመጥ ገጽ ገላጭ መያዝ፤ ኖታውን ቀድቶና አጣብቆ መግለጫውን ወደሚመች ቦታ ማዛወር፤ ወይም ኖታውን ታብሌት ላይ አድርጎ በእግር ፔዳል መግለጥ። ልምድ ያለው አጃቢ በአንድ ምሽት ሁለቱን ወይም ሦስቱን ይቀላቅላቸዋል።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ መግለጡ እንደ ጣት ቁጥር (ቁልፉ በየትኛው ጣት እንደሚነካ የሚያሳየው ቁጥር) ሁሉ የሙዚቃው አካል ነው። የት ባር (በቁም መስመር የተከፈለ የሙዚቃ ክፍልፋይ) ላይ፣ በየትኛው እጅ፣ በስንተኛው ምት እንደሚገለጥ ልምምዱ በተጀመረበት ሳምንት ተወስኖ በእርሳስ ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ከነመግለጡ ይለማመዱታል። ብዙ ተማሪ የገጹ መጨረሻ ሲደርስ ይቆማል፣ ተረጋግቶ ይገልጣል፣ ከዚያ ይቀጥላል። እጅ የሚያደርገው የለመደውን ነው። ከወር በኋላ ሌላ ሰው ቢገልጥለት እንኳ ያ ክፍተት እዚያው ቦታ ላይ ይሰማል።

ፒያኖ ተጫዋች ከቫዮሊን ተጫዋች ይልቅ ብዙ ገጽ የሚገልጠው ለምንድን ነው?

ቫዮሊን ተጫዋቹ ፊት ያለው የራሱ አንድ መስመር ብቻ ነው። ፒያኒስቱ ለቀኝና ለግራ እጁ ሁለት መስመር ያነባል፤ ከሌሎች ጋር ሲጫወት ደግሞ ከሁለቱ በላይ የዘፋኙ ወይም የሌሎቹ መሣሪያዎች መስመር አነስ ባለ ጽሑፍ ይጨመርለታል። ለፒያኖ፣ ለቫዮሊንና ለቼሎ በተጻፈ ትሪዮ አራት መስመር አንድ ላይ ስለሚሄድ፣ በአንድ ገጽ የሚገባው ሙዚቃ ጥቂት ነው። የቫዮሊኑ ክፍል ጥቂት ገጽ ሆኖ የፒያኖው ወፍራም መጽሐፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ለቫዮሊን ወይም ለትራምፔት የሚታተመው ክፍል ረጅም እረፍቶች ስላሉት አታሚው ገጹን እረፍት ላይ ሊያስጨርሰው ይችላል። በፒያኖ ሁለቱም እጆች አብረው የሚያርፉበት ቦታ ብርቅ ነው። በገጹ የታችኛ ቀኝ ጥግ ላይ «ቪ ኤስ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካዩ፣ «ቮልቲ ሱቢቶ» የሚለው የጣሊያንኛ ቃል አጽሮት ነው፤ «ቶሎ ግለጥ» ማለት ነው፣ የሚቀጥለው ገጽ ፋታ አይሰጥም። በተቃራኒው ከመግለጡ በኋላ እረፍት ካለ እዚያው ጥግ ላይ «ጊዜ አለ» ብሎ መጻፍ ያለምክንያት ከመጣደፍ ያድናል።

ሁሉንም በቃል ብይዘውስ?

ብቻዎን ለሚጫወቱት ይቻላል። በኮንሰርት ላይ በቃል መጫወት በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ፒያኒስቶቹ ፍራንዝ ሊስትና ክላራ ቪክ (በኋላ ክላራ ሹማን) ከሚጠሩበት ነገር አንዱ ነው፤ ዛሬ በብቸኛ ፒያኖ ዝግጅት የተለመደው እሱ ነው። ግዴታ ግን አይደለም። ታዋቂው ፒያኒስት ስቪያቶስላቭ ሪችተር በኋለኞቹ ዓመታት አዳራሹን አጨልሞ በአንዲት ትንሽ መብራት ሥር ኖታ ዘርግቶ ይጫወት ነበር፤ ማንም ደካማ ፒያኒስት አላለውም።

ማጀብና ከሌሎች ጋር መጫወት ግን ሌላ ነው። ዘፋኙ አንድ ባር ቢዘል ወይም ስንኝ ቢደግም፣ የእሱን መስመር ከፊቱ የዘረጋ አጃቢ ብቻ ወዲያው ያገኘዋል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ኖታ አይቀርም፣ መግለጡም አብሮ ይኖራል።

በየትኛው እጅ፣ ከየትኛው ጥግ ልግለጥ?

እጁን የሚመርጠው ሙዚቃው ነው፤ ቀድሞ ነጻ የሚሆነው ይገልጣል። ግራ እጅ ሲገልጥ የላይኛውን የቀኝ ጥግ ይዞ ወደ ግራ ይስባል፤ ክንዱ በገጹ ላይኛ ጠርዝ በኩል ስለሚያልፍ ኖታውን አይሸፍንም። ቀኝ እጅ ሲሆን ገጹን ወደ ግራ መግፋት አለበት፤ ከላይኛው ጥግ ከተነሳ ክንዱ በኖታው ፊት ያልፋል። ለቀኝ እጅ የታችኛው ጥግ ይሻላል፣ ለቁልፎቹም ይቀርባል። ገጹ ከመካከል ካለፈ በኋላ ለቆት መመለስ ይቻላል፤ የተገራ (ተከፍቶ መቆየት የለመደ) መጽሐፍ ቀሪውን ራሱ ይወድቃል።

ጥሩ ምሳሌ የሙዚቃ ደራሲው ሹበርት «ኤርልኮኒግ» ነው፣ በ1815 እ.ኤ.አ. የተጻፈው፤ ልጁን ይዞ በሌሊት ፈረስ ስለሚጋልብ አባት የሚዘፈን በፒያኖ የሚታጀብ ዘፈን ነው። የፒያኖው ቀኝ እጅ ከመጀመሪያው ባር ጀምሮ ኦክታቭ (አንዱ ኖታ ከላይና ከታች አብሮ ሲመታ) እየደጋገመ ይጋልባል፤ ግራው ግን ከታች ወደ ላይ የሚሮጠውን አጭር ሐረግ ተጫውቶ ያርፋል። በእነዚህ የመጀመሪያ ገጾች የሚገልጠው ግራ እጅ ነው። ቀኙን ለአንድ ምት እንኳ ማንሳት ፈረሱን እንደማቆም ይሰማል።

ጥጉን ጣት እንዲገባበት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቀልበስ ያድርጉት። ተከታታይ ቅጠሎችን በአንድ ቦታ ካጠፏቸው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ አንዱን ከጥጉ፣ ቀጣዩን ከጥጉ ትንሽ ዝቅ አድርገው ያጥፉ። የተዋሱት መጽሐፍ ከሆነ አይጠፍ፤ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ከጠርዙ ወጣ አድርጎ መለጠፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጣትን በምራቅ ማርጠብ ቅጠሎቹን ያጣብቃል። ጣቱ ደረቅ ለሆነ ሰው ባንክ ቤት ገንዘብ ቆጣሪዎች የሚጠቀሙበት እርጥብ ስፖንጅ ይጠቅማል፤ ከመጀመርዎ በፊት አንዴ ነካ ማድረግ ይበቃል።

አዲሱ መጽሐፍ ራሱ እየተዘጋ አስቸገረኝ። ምን ይሻላል?

መጽሐፉ መገራት አለበት። ጀርባውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሁለቱን ሽፋኖች ግራና ቀኝ ያስተኙ፣ ገጾቹን ቀጥ አድርገው በአንድ እጅ ይያዙ። ከፊት በኩል 8 ያህል ቅጠል አስተኝተው መታጠፊያው አጠገብ ከላይ እስከ ታች በጣት ይጫኑ። ከኋላ በኩልም እንዲሁ። እያፈራረቁ መካከሉ ላይ እስኪደርሱ ይቀጥሉ፣ ሁለት ጊዜ ይደጋግሙት። መካከሉን በአንድ ጊዜ ከፍቶ መስበር የጀርባውን ሙጫ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይወልቃሉ።

ያም ካልሆነ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ጀርባውን አስቆርጦ ስፓይራል ማስገባት ነው። ከማስቆረጥዎ በፊት የውስጠኛውን ኅዳግ ይለኩ፤ ቆረጣውና ቀዳዳው አብረው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚበሉ፣ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የመስመሩ መጀመሪያ አብሮ ይሄዳል። በክሊፕ ወይም በላስቲክ መያዝ የሚሆነው ሙዚቃው ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን ነው።

ገጹ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ምንም እረፍት ከሌለስ?

ወደ ኋላና ወደ ፊት ከ2 እስከ 8 ባር ያህል ይፈልጉ። ነጻ ቅጽበቱ ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ አለ። ከገጹ መጨረሻ በፊት ከሆነ፣ ከዚያ እስከ ገጹ መጨረሻ ያሉትን ባሮች በቃል ይያዙና ቀድመው ይግለጡ። በአዲሱ ገጽ ላይ ከሆነ ደግሞ የአዲሱን ገጽ የመጀመሪያ ባሮች በቃል ይዘው ዘግይተው ይግለጡ። መያዝዎን የሚያረጋግጡት ቦታውን በወረቀት ሸፍነው፣ ከሸፈኑት ቦታ ሳይሆን ከ4 ባር በፊት ጀምረው ሲጫወቱት ነው። ከመካከል ጀምሮ ማስታወስና እየተጫወቱ ደርሶ ማስታወስ አንድ አይደሉም።

በአቅራቢያው ምንም ከሌለ አንድ ነገር መተው ይመጣል፤ ምን እንደሚተው የሚወሰነው ግን ቤት ተቀምጠው ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ድርብ ኖታ ነው፤ በኦክታቭ የተደገመውን አንዱን ብቻ መጫወት። ቀጥሎ የኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) የውስጥ ኖታዎች። ባሱ (ዝቅተኛው ድምፅ) እና ዜማው አይነኩም። ለምሳሌ በቫልስ (በባር ሦስት ምት ባለው የዳንስ ሙዚቃ) ግራ እጅ 1ኛው ምት ላይ ባስ፣ 2ኛውና 3ኛው ላይ ኮርድ ይጫወታል እንበል። ባሱንና የ2ኛውን ምት ኮርድ ተጫውተው በቀኝ ፔዳል ያቆዩት፤ የ3ኛውን ምት ኮርድ ትተው በዚያ ምት ይግለጡ። ዜማው እየሄደ ስለሆነ አድማጭ ጎደሎውን አያስተውልም። አንዳንዴ የግራውን ኖታ ቀኝ እጅ ሊያነሳለት ይችላል፤ ከሆነ በእርሳስ በጉልህ ይጻፍ።

ፔዳል የሚያድነው ሃርመኒው (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) ሳይለወጥ ሲቆይ ብቻ ነው። ኮርዱ በተያዘ ፔዳል ላይ ከተቀየረ ድምፁ ይደፈርሳል። ሦስትና አራት ድምፅ እየተሳሰረ በሚሄድበት ፉጋ ደግሞ የሚተውም፣ በፔዳል የሚያዝም የለም። እዚያ መፍትሔው መቀስና ፕላስተር ነው።

ቀድቶ ማጣበቁ እንዴት ይሠራል?

ሐሳቡ መግለጫውን ማንቀሳቀስ ነው። በመጀመሪያ ነጻ ቅጽበቱን ይፈልጉ። ገጹ ሊያልቅ ሁለት ረድፍ ሲቀረው ቀኝ እጅ አንድ ሙሉ ባር ያርፋል እንበል (ረድፍ የምንለው ሁለቱ እጆች አብረው የሚነበቡበትን ጥንድ መስመር ነው)። እነዚያን ሁለት የመጨረሻ ረድፎች ፎቶ ኮፒ አድርገው ይቁረጡና በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ በላይ ይለጥፏቸው። ገጹ ከፍታ ካጣ ቁራጩን ከላይ ወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ለመታጠፍ እንዲመች በአንድ ጠርዝ ብቻ ይያዝ። እረፍቱ ላይ ይገልጣሉ፣ ቀሪዎቹን ሁለት ረድፎች ከአዲሱ ገጽ ያነባሉ።

ነጻ ቅጽበቱ ከመግለጫው በኋላ ከሆነ ግልባጩ ነው፤ የአዲሱን ገጽ የመጀመሪያ ረድፍ ቀድተው በአሁኑ ገጽ ግርጌ ይለጥፉ። የድሮው ቦታ ላይ ያለውን ረድፍ በእርሳስ በሰያፍ ይሰርዙት። ካልሰረዙት በድካም ቀን ዓይን ሁለት ጊዜ ያነበዋል። መጠኑ ሳይቀንስ 100 በመቶ ይቀዳ፤ በመካከል መጠኑ የሚለወጥ ኖታ ዓይንን ያደናቅፋል።

ገጾቹን ነጣጥዬ ጎን ለጎን ብደረድራቸውስ?

ለአጭር ሙዚቃ ከሁሉ የሚቀልል ነው። ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 21 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ሦስት ገጽ 63 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ በግራንድ ፒያኖ የኖታ ማስቀመጫ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይገባል። አራቱ 84 ሴንቲ ሜትር ስለሆኑ ጠርዞቹ ይንጠለጠላሉ፤ ከኋላ ካርቶን ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ የአፕራይት ፒያኖ ማስቀመጫ ከዚህ ይጠባል፤ የሚጫወቱበትን ፒያኖ ቀድመው ይለኩት። ሲያያይዙ ፕላስተሩን ከጀርባ ያድርጉ፣ በሁለቱ ወረቀቶች መካከል 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ካልተዉ ሲታጠፍ ይጨማደዳል።

የታተሙ የፒያኖ መጻሕፍት ብዙዎቹ 23 በ31 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆኑ ሙሉ ገጹ ኤ4 ላይ እንዲገባ ወደ 90 በመቶ መቀነስ ይፈልጋል። ኅዳጉን ትተው ከቀዱት ግን ብዙ ጊዜ 100 በመቶውም ይገባል፣ ለዓይንም እሱ ይሻላል። ተራ 80 ግራም ወረቀት እንደቆመ ይተኛል፤ 120 ግራም ይጠይቁ። በአንድ ፊት ብቻ የተቀዳ ልቅ ወረቀት ሳይገለጥ ወደ ግራ በማንሸራተት ሊያልፍ ይችላል፤ ድምፅም የለውም። በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ማድረግ ግን አንመክርም፤ በመድረክ መብራት ያንጸባርቃል፣ ይንሸራተታል፣ ሲገለጥም ይንኳኳል። ቬንትሌተር ወይም የተከፈተ መስኮት ካለ ከልምምዱ ጊዜ ጀምሮ ይዘጋ።

ፎቶ ኮፒ ማድረግ ሕጉ ይፈቅዳል?

ደራሲው ከሞተ የቆየ ከሆነ ሙዚቃው ራሱ ነጻ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃው ደራሲው በሕይወት ባለበትና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 ነው። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው «አይኤምኤስኤልፒ» የተባለው ድረ ገጽ እንዲህ ያሉ ነጻ የሆኑ ኖታዎችን ያቀርባል። አዲስ ተዘጋጅቶ የታተመ እትም ግን የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል። መጽሐፉን ገዝቶ አስቸጋሪዋን ገጽ ብቻ ለራስ መቅዳትና መጽሐፉን በሙሉ አባዝቶ ለክፍል ማደል በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው። ለፈተና ወይም ለውድድር ሲቀርቡ ዋናው መጽሐፍ አብሮዎት ይሁን፣ ደንቡንም አስቀድመው ያንብቡ።

ገጽ እንድገልጥ ተጠይቄያለሁ። ምን ማድረግ አለብኝ?

ከዝግጅቱ በፊት ከፒያኒስቱ ጋር 10 ደቂቃ ይቀመጡ። የሚጠየቁት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ የትኞቹ ድግግሞሾች ይጫወታሉ፣ የሚዘለል ክፍል አለ ወይ፣ ምልክቱ ምንድን ነው፣ ራሱ ሊገልጠው የሚፈልገው ገጽ አለ ወይ። ከዚያ መጽሐፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ይግለጡት፤ የተጣበቀ ቅጠል ካለ ያኔ ይገኛል።

ወንበርዎ ከፒያኒስቱ በስተግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። በግራ የሚሆነው ለሁለት ነገር ነው፤ ገጹ የሚሳበው ወደ ግራ ስለሆነ በቀኝ ቢቀመጡ ክንድዎ በፊቱ ያልፋል፤ መድረክ ላይም የፒያኒስቱ ቀኝ ጎን ወደ ተመልካቹ ስለሚዞር በግራ ያለ ሰው ማንንም አይጋርድም። የመጨረሻዎቹን ዝቅተኛ ቁልፎች እንዲነካ ይጠይቁትና ክርኑ እስከማይነካዎት ድረስ ወንበሩን ያርቁ።

የገጹ የመጨረሻ ረድፍ ሲጀምር ድምፅ ሳያሰሙ ይነሱ። ግራ ክንድዎን በመጽሐፉ አናት በኩል አሳልፈው የቀኙን ገጽ የላይኛ ጥግ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይያዙ። አሁን ጣቶችዎን ፈተግ ያድርጉ፤ ሁለት ቅጠል ከያዙ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፣ አንድ ከሆነ ይጸናል። ይህችን ፍተጋ ያልረሳ ገጽ ገላጭ ሁለት ገጽ አብሮ አይገልጥም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሲመጣ በአንድ ወጥ እንቅስቃሴ ይሳቡ፣ መታጠፊያውን ዳበስ አድርገው ያስተኙት፣ ይቀመጡ። ሲወረወር ወረቀቱ ይጮኻል፤ ነፋሱም ቀጣዩን ቅጠል ያነሳዋል።

ሰፊ እጅጌ፣ የሚንሿሿ አምባርና ትከሻ ላይ የማይጸና ነጠላ አይሆኑም፤ እጅ ሲዘረጋ ጥለቱ ቁልፎቹ ላይ ይወድቃል። ጠንካራ ሽቶ አይቀቡ። ምቱን በእግር አይምቱ፣ አያንጎራጉሩ። ከተጫዋቾቹ ኋላ ይገባሉ፣ ሲጨበጨብም እጅ የሚነሱት እነሱ ናቸው።

በትክክል የሚገለጠው መቼ ነው?

የመጨረሻው ኖታ ከመጫወቱ በፊት። ዓይን ሁልጊዜ ከእጅ ይቀድማል፤ የሠለጠነ ተጫዋች አንድ ባር ወይም ከዚያ በላይ ወደ ፊት እያነበበ ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ባር ሲጫወት ዓይኑ አዲሱን ገጽ እየፈለገ ነው።

በሰዓት እንየው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ፣ በባር 4 ምት ባለው ሙዚቃ አንድ ባር 2 ሰከንድ ነው። መግለጡ ራሱ 1 ሰከንድ ያህል ከወሰደ ግማሽ ባር ይበላል፤ የመጨረሻው ባር ሲጀመር አዲሱ ገጽ ተዘርግቶ እንዲታይ እንቅስቃሴው ከመጨረሻው በፊት ባለው ባር 3ኛ ምት ላይ መጀመር አለበት። በደቂቃ 60 ምት ሲሆን ግን ያው ባር 4 ሰከንድ ነው። እዚህ መቸኮል ይጎዳል፤ ፒያኒስቱ ያልተጫወታቸው፣ በቃሉም ያልያዛቸው ኖታዎች ዓይኑ ፊት ይጠፋሉ።

ምልክቱ ብዙ ጊዜ ራስ መነቅነቅ ነው። ብዙ ፒያኒስቶች ግን በሙዚቃው ስሜት ራሳቸውን ያንቀሳቅሳሉና ከእውነተኛው ምልክት ጋር ይምታታል። በልምምድ ላይ አንድ ግልጽ ወደ ታች ንቅናቄ እንዲሆን ይስማሙ፣ ወይም ትክክለኛው ምት ላይ በእርሳስ ኮከብ ይሳል።

ኖታ ማንበብ አልችልም፤ መግለጥ እችላለሁ?

ፒያኒስቱ ምልክት እንደሚሰጥ ከተስማማችሁ ይቻላል። ዓይንዎን ከወረቀቱ ይልቅ ከእሱ ላይ አያንሱ። ማንበብ ለሚችል ሰውም ቢሆን ሙዚቃው ስቦት ምልክቱን መርሳት ያጋጥማል።

ሙዚቃው ወደ ኋላ ሲመለስ ምን ይደረጋል?

ከ9ኛው ገጽ ወደ 2ኛው መመለስ ካለብዎት ሦስት ቅጠል በአንድ እጅ ማንሳት ለአደጋ መጋበዝ ነው። የሚደገመው ክፍል አጭር ከሆነ ቀድተው ከ9ኛው ገጽ በኋላ ያስገቡት፤ ሙዚቃው ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ረጅም ከሆነ የመመለሻው ገጽ ላይ ቀይ፣ ከድግግሞሹ በኋላ የሚዘለልበት ገጽ ላይ ሰማያዊ ተለጣፊ ወረቀት ይለጥፉ። ገጽ ገላጭ ካለ ቀለሞቹን ያሳውቁት፤ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ማብቂያ (ክፍሉ አንደኛና ሁለተኛ ጊዜ ሲጫወት የሚያልቅባቸው የተለያዩ ባሮች) በተለያየ ገጽ ላይ ከሆኑ በተለይ።

ታብሌት ልጠቀም? ምን ያስፈልገኛል?

መጠኑ ይወስናል። 12.9 ኢንች ታብሌት ስክሪኑ 26 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤ4 ደግሞ 29.7 በ21። በመተግበሪያው ውስጥ ኅዳጉን ከቆረጡት ኖታው ከታተመው ጋር ተቀራራቢ ይሆናል። 10 ኢንች ለአንድ መስመር መሣሪያ ይበቃል፤ ለፒያኖ፣ በተለይ የዘፋኝ መስመር ሲጨመርበት፣ ዓይንን ያደክማል። በአይፓድ ፎርስኮር፣ በአንድሮይድ ሞባይልሺትስ የተባሉት የኖታ መተግበሪያዎች በብዛት ይሠራባቸዋል። ወረቀት ስካን ሲያደርጉ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ)፣ ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ።

የእግር ፔዳሉ በብሉቱዝ ይገናኛል፤ ቀኙ ወደ ፊት፣ ግራው ወደ ኋላ ይገልጣል። ቀኝ እግር የፒያኖው ፔዳል ላይ ስለሆነ ሥራው የግራ እግር ነው፤ ከፒያኖው የግራ ፔዳል በስተግራ፣ ተረከዝ ሳይነሳ በሚደርስበት ቦታ ያድርጉት። የፒያኖው የግራ ፔዳል ተይዞ እያለ የሚገለጥ ገጽ ካለ ከአሁኑ ይለዩት። እዚያ ላይ በጣት ስክሪኑን መንካት ወይም ፔዳሉን አንድ ባር ቀድሞ መልቀቅ ያስፈልጋል። ፎርስኮር የፊት መለያ ካሜራ ባላቸው አይፓዶች በአፍ ወይም በዓይን እንቅስቃሴ መግለጥም ያስችላል።

የታብሌት ትልቁ ጥቅም «ግማሽ ገጽ» የሚባለው አገላለጥ ነው ብለን እናምናለን። አንዴ ሲረግጡ የስክሪኑ የላይኛው ግማሽ ወደ አዲሱ ገጽ ይለወጣል፣ የታችኛው ግማሽ ግን የአሁኑ ሆኖ ይቆያል። ከታች እየተጫወቱ ከላይ የሚመጣውን ያያሉ። የመግለጫው ቅጽበት ከአንድ ምት ወደ ብዙ ባሮች ይሰፋል፤ ለአንድ ምት ብሎ መጨነቅ ይቀራል።

ከዝግጅቱ በፊት፦ ማሳወቂያዎችን ያጥፉ፣ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገው ብሉቱዝን ብቻ መልሰው ያብሩ፣ ስክሪኑ ራሱ እንዳይጠፋ ያድርጉ፣ የታብሌቱንም የፔዳሉንም ቻርጅ ይዩ። ወረቀቱንም ይዘው ይምጡ።

ፔዳሉ ሁለት ገጽ ይዘላል፣ ወይም ጭራሽ አይሠራም። ለምን?

ታብሌቱ ፔዳሉን የሚያየው እንደ ኪቦርድ ነው። ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ተጭነው ቢቆዩ ፊደሉ እንደሚደጋገም ሁሉ፣ እግርም ከቆየ ገጹ ይደጋገማል። ረግጠው ወዲያው ይልቀቁ። በፔዳሉ ወይም በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ድግግሞሹን ማጥፊያ ካለ ያጥፉት።

አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ ተኝቷል፤ ብዙ ፔዳሎች ባትሪ ለመቆጠብ ሳይነኩ ከቆዩ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ንግግርና ጭብጨባ ሲረዝም ይህ ይደርሳል፤ ከመጀመርዎ በፊት አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ረግጠው ይቀስቅሱት። ቀድሞ ከሌላ ስልክ ጋር ተገናኝቶ ከነበረ፣ ያ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ሊወስደው ይችላል። በሰም የተወለወለ ወለል ላይም ፔዳሉ ይሸሻል፤ ከሥሩ የጎማ ምንጣፍ ቁራጭ ያድርጉ።

በዝግጅቱ መካከል ሁለት ገጽ አብሮ ቢገለጥ ወይም ኖታው ቢወድቅስ?

አያቁሙ። ሁለት ገጽ ሲገለጥ ግራ እጅ ባሱን፣ ቢቻል የኮርዱን ሥር (መሠረታዊውን ኖታ) ብቻ ይዞ ምቱን ያስቀጥላል፤ ገላጩ አንዱን ቅጠል ይመልሳል። ብቻዎን ከሆኑ ቀኝ እጅዎ ይመልሰዋል፣ ግራው ይቀጥላል። ከዘፋኝ ጋር ከሆኑ ጆሮዎ እሱ ላይ ይሁን፤ ያመለጡትን ባሮች ለማሟላት ሳይሮጡ እሱ ካለበት ባር 1ኛ ምት ላይ ይግቡ። በአንድ ምት ባዶ ባስ ማንም አይደናገጥም፤ ሁለት ተጫዋቾች በተለያየ ባር ሲሄዱ ግን ሁሉም ይሰማል።

የወደቀን ወረቀት ገላጩ ያነሳዋል፣ ፒያኒስቱ አይጎነበስም። ሲጎነበሱ ቀኝ እግር ከፔዳሉ ይነሳና ድምፁ ድንገት ይቆረጣል። ብቻዎን ከሆኑ ቀጣዩ እረፍት ወይም የክፍሉ መጨረሻ እስኪደርስ በያዙት ይሂዱ። ልቅ ወረቀት ከሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ቅጠል የላይኛ ጥግ ላይ ቁጥሩ በወፍራም እስክሪብቶ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያህል ተደርጎ ይጻፍ፤ የተበተነውን የሚሰበስበው ሰው ኖታ ባያነብ እንኳ በቅደም ተከተሉ ይመልሰዋል።